የመዳብ ሰሌዳና ጥቁር ቀለም

ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ በሚቃረብበት በካርቱም ቡሪ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱት ሠዓሊ መሐመድ ዑመር ኸሊል፣ በዚያው ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን በ1959 ፈጽመው ጥቂት ዘመን ካስተማሩ በኋላ፣ በ1963 ወደ ፍሎረንስ ተሻግረው በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣለውን የግድግዳ ሥዕልና የኅትመትን ጥበብ ተማሩ፤ በ1967ም ኑሯቸውን በኒው ዮርክ አደረጉ።

ይህ የኅትመት ጥበብ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለ ሆነ አሠራሩን መግለጽ ይገባል። ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳ ወስዶ አሲድ የማይበላው ሰም መሰል ቅባት ከቀባው በኋላ በሹል መርፌ እየጫረ ሥዕሉን ያወጣል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር ብረቱ በተጫረበት ሥፍራ ብቻ እየተበላ ይጎደጉዳል፤ ከዚያም ቀለም ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ ገጹ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ፣ የራሰ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ መዳመጫ ሥር ሲያልፍ፣ ሥዕሉ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታተማል። የጠራጊው እጅ ጥቂት ከበዛ ጥቁሩ ይገረጣል፤ ካነሰም ብርሃኑ ይደፈናል።

ስለዚህ አታሚነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ኸሊልም እንደ ሉዊዝ ኔቨልሰንና ሮማሬ ቢርደን ላሉ ስመ ጥር ሠዓልያን ሰሌዳ እያተሙ፣ በፕራት ተቋምም እያስተማሩ ኖረዋል፤ በሞሮኮ በአሲላ ከተማም ለብዙ ዓመታት የኅትመት ሥራን አስተምረዋል።

በገዛ ሥራቸው የነገሠው ግን ጥቁር ነው። በቦብ ዲላን ዘፈኖች ስም የሰየሟቸውን ኅትመቶች ለሚመለከት ሰው ጽልመቱ ባዶ አይደለም፤ ውስጡ ሽበት፣ ጭስና ቀጭን የብርሃን ጭረት ይታይበታል፤ በእኔ አስተያየት የስፔኑን ሠዓሊ የጎያን ሌሊት የሚያስታውስ እውነተኛ ክብር አለው።

ሥራዎቻቸው ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታንና በብሩክሊን ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ።