ያለዕድሜ ጋብቻን የሚቋቋሙት የጃርካንድ እግር ኳስ ተጫዋቾች

በምሥራቅ ሕንድ በምትገኘው የጃርካንድ ግዛት የብዙ ገጠር ልጃገረዶች ውሎ ውኃ ከመቅዳት፣ እንጨት ከመልቀም፣ ከብት ከመጠበቅና ምግብ ከማብሰል አያልፍም። የሀገሪቱ ሕግ ሴት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ይከለክላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት መሠረት፣ በግዛቲቱ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ ሴቶች መካከል 32 በመቶ ያህሉ የተዳሩት ከዚህ ዕድሜ በፊት ነው።

«ዩዋ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው በዚሁ ግዛት ነው። ስሙ በሂንዲ ቋንቋ «ወጣት» ማለት ነው። መሥራቹ አሜሪካዊው ፍራንዝ ጋስትለር በራንቺ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ መንደር እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። አንዲት ታዳጊ እግር ኳስ መጫወት እንደምትፈልግ በነገረቻቸው ጊዜ፣ ጓደኞቿን አሰባስባ ቡድን እንድትመሠርት አበረታቷት።

መጀመሪያ ላይ የመንደሩ ነዋሪዎች ልጃገረዶች በአጭር ቁምጣ ሜዳ ላይ መሮጣቸውን እንደ ነውር ቆጠሩት። ልምምዱ ግን አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩዋ ታዳጊዎች ወደ ስፔን ተጉዘው በጋስቴይዝ ዋንጫ ውድድር ሦስተኛ ወጡ። ለፓስፖርት የሚያስፈልገውን የልደት ምስክር ወረቀት ለማግኘት እንኳ ብዙ እንግልት ደርሶባቸው ነበር።

የቡድን ስፖርት ፋይዳው ከውጤቱ ይልቅ በአሠራሩ ይታያል። ብቻዋን የቀረች ልጅ ስለ ጋብቻዋ ሲወሰን ድምፅ የላትም። የቡድን አባል የሆነች ልጅ ግን ስትቀር የሚፈልጓት፣ ስትቸገር የሚቆሙላት ጓደኞች አሏት። በዩዋ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ታናናሾቻቸውን ያሠለጥናሉ፤ ለሥራቸውም ክፍያ ያገኛሉ። ገቢ ያላት ሴት ልጅ ደግሞ በቤተሰቧ ዘንድ ተሰሚነት ይኖራታል። ከሜዳው ጎን ለጎን ስለ ጤና፣ ስለ ጥቃትና ስለ መብት ውይይት ይደረጋል።

ኳስ ብቻውን ግን በቂ አልሆነም። ልጃገረዶቹ በመንደራቸው የሚያገኙት ትምህርት ደካማ በመሆኑ፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩዋ የሎሬዎስ የስፖርት ለበጎ ተግባር ሽልማትን አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከተማሪዎቹ አንዷ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የትምህርት ወጪዋ ተሸፍኖላት ተመረጠች።

ከእነዚህ ተጫዋቾች አብዛኞቹ እግር ኳስን መተዳደሪያቸው አያደርጉም፤ የሥራው ግብም ይህ አይደለም። ትምህርቷን ጨርሳ መቼና ማንን እንደምታገባ ራሷ የምትወስን ሴት ማየት ነው።