ለልጆቻችን ከክረምቱ ስንት ቀን ይደርሳቸዋል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ ነገሩን በራሴ ቤት ከደረሰው እጀምራለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ «ክረምትን እንዴት አሳለፍኩ» የሚል ድርሰት እንድትጽፍ ታዝዛ ነበር። ደብተሩን ለፊርማ ስታመጣልኝ ያገኘሁት ሁለት መስመር ብቻ ነው። «አባቴ ቢሮ ነበር። እኔና ወንድሜ ቤት ነበርን» ይላል። መምህርቷ ከበታቹ በቀይ እስክርቢቶ «ጨምሪበት» ብላለች። ልጄ ግን የምትጨምረው እንደሌላት ነግራኝ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔም ደብተሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ሐሰት ጽፋ ቢሆን እቆጣት ነበር፤ የጻፈችው እውነት ስለ ሆነ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለዚህ ነገር የምናቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ሐምሌ አዲሱ በጀት የሚጀመርበት ነው፤ ዝናብ ነው፤ ብር የለም። አንዱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት በዚያው ሰሞን ስለ ሆነ፣ እኛ ሥራ በሚበዛብን ሰዓት እነሱ ሥራ ፈትተው በቴሌቪዥንና በስልክ ላይ ተተክለው ይከርማሉ።

የቀን መቁጠሪያውም ቢሆን አይረዳንም። አገላብጬ አይቻለሁ፤ ከሰኔ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ቀኑ ተወስኖ ቢሮ የሚዘጋበት በዓል አይገኝም። ቀድሞ ሐምሌ 16 ቀን ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት በዓል ሆኖ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ይከበር ነበር። ከአብዮቱ በኋላ እርሱ ቀርቷል። አሁን ክረምትን የሚጎበኙን በጨረቃ የሚቆጠሩት የእስልምና በዓላት ብቻ ናቸው። አረፋ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን፣ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9 ቀን ውሏል፤ በየዓመቱም አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከክረምቱ ወጥቷል። የ2016ቱ እሑድ በመዋሉ ልጄ «ይህ እንዴት በዓል ይባላል፤ ያው ዕረፍታችን አይደለም ወይ?» ብላ ተከራከረችኝ። ሆኖም ጎረቤታችን ሐጂ ጠርተውን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እስኪመሽ ድረስ ስትጫወት ስለ ዋለች፣ ክርክሩን አላነሣችውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ልጆች በዓል የሚሉት ቢሮ የሚዘጋበትን ቀን ሳይሆን ትልልቆቹ ከእነርሱ ጋር የሚውሉበትን ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ በክረምት መግቢያ አይታጣም። ሰኔ 12 ቀን ሚካኤል አለ። የሰኔ ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ቀን፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት አለ። በቤታችን ግን እነዚህን ቀኖች እናቶች ብቻቸውን ሲደክሙባቸው ይኖራሉ፤ አባቶች ማታ ገብተን የቀረበውን እንበላለን።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ፈቃድ ብጠይቅ «ሥራው አይለቅህም» ስለተባልኩ፣ የቀሩኝን ቅዳሜዎች ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ትልቅ ወጪ አላወጣሁም። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦና ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘን በአውቶቡስ እንሄድ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ቤቱ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ነው። ከፊት ለፊቱ ፋሽስቶች በወረራው ዘመን ለአገዛዛቸው መታሰቢያ ብለው የሠሩት፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል፤ ከነጻነት በኋላ በአናቱ ላይ የአንበሳ ሐውልት ተቀምጦበታል። ሰባት ዓመት የሆነው ልጄ «ለምን አላፈረሱትም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ እኅቱ ቀደመችኝና «አንበሳው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ነዋ!» አለችው። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

ውስጡ የተደራጀው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። ከልደትና ከልጅነት ይጀምርና በጉልምስና አልፎ በሞት ያበቃል። ልጆች በሌላው አገር ልጅ ምን እንደሚጫወትና እንዴት እንደሚያድግ እያዩ፣ ሳይሰለቹ ይሄዳሉ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም ይታያል፤ ትንሹ ልጄ ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው በመታጠቢያው ነው።

በሌላው ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች መሆኗን ልጄ ከመጽሐፏ ታውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሰላም የምትባለው፣ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ያህል እንደ ነበራትና ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ነገርኳት። ብዙ ሰው የድንቅነሽ ልጅ እያለ እንደሚጠራት ስጨምርላት፣ በጣቷ ቆጥራ «ታዲያ ልጅየዋ እናትየዋን ትበልጣታለች ማለት ነው?» አለች። አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ እስኪያነቡ ሳቁ።

እንጦጦም ወጥተን ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥትና ማርያምን አይተን ስንመለስ ግን የዝናቡን ሰዓት አሳሳትኩ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልለን ሁለት ሰዓት ቆምን። ጊዜውን ለማሳለፍ «እንቆቅልህ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ምን አውቅልህ» አሉኝ። አላፊ አግዳሚው፣ ባለሱቁም ጭምር ገባበት። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» እየተባለ፣ ትንሹ ልጄ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን ከሰው ሲቀበል ዋለ። አምና በመስከረም የጻፈችው ድርሰት አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ገጽ ስለዚህ በረንዳ ነው። ስለ ድንቅነሽ አንድም ቃል የለበትም፤ ትንሽ አዘንኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ ለሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ሃያ የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ ሠላሳ እንዲደርስ ደንግጎ ነበር። እኔም ከከፍተኛው ከደረስኩ ሰንብቻለሁ። ነገር ግን ፈቃዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተላለፈ፣ ሰው የሚወጣው ልጆቹ ትምህርት ቤት በገቡበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ብቻውን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። የሥራ ኃላፊዎችን የምጠይቀው ሁሉንም ቀን በክረምት ስጡን ብዬ አይደለም፤ እንዲህማ ቢሆን ባለጉዳይ ማን ያስተናግደዋል? ልጆች ላሏቸው እናቶችና አባቶች ከፈቃዳቸው ላይ አምስት አምስት ቀን ተከፍሎ፣ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በተራ ይሰጥ ማለቴ ነው። ተራውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በግንቦት ቢዘጋጅ ማንም አይጎዳም። በመዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ከዚህ የባሰ የተወሳሰበ ሠንጠረዥ በአንድ ቀን ሲዘጋጅ አይቻለሁ።

በደሴ፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፣ ከልጆቻችሁ ጋር በትንሽ ወጪ የምትውሉበትን ስፍራ በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

እኔ የዘንድሮውን ቅጽ ሞልቼ ለአለቃዬ ካቀረብኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ልጆቹ ለቡሄ ጅራፍ የሚሆን ቃጫ ከወዲሁ ገዝተው አልጋ ሥር አስቀምጠዋል። እንዴት እንደሚገመድ የማውቀው ደግሞ ከቤቱ እኔ ብቻ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ