የልጅን ውሎ የሚመዝን ቁጥር

የአእምሮ ሕመም ያገኘውን ልጅ ለመርዳት የተነሣ ሐኪም አስቀድሞ የሕመሙን ስም ለማወቅ መድከሙ የተገባ ሥራ ቢሆንም፣ ያ ስም ብቻውን ልጁ ጧት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠብ እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ይውል እንደ ሆነ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተጫውቶ፣ ከቤተ ሰቡም ጋር በሰላም ራቱን በልቶ ይተኛ እንደ ሆነ አይነግረንም። ይህን ውሎ ለመመዘን ከተሠሩት መለኪያዎች መካከል፣ ከማጠሩ የተነሣ ብዙዎች የሚንቁትን፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደውን፣ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ስሙ አሳጥረው ሲ-ጋስ የሚሉትን የልጆች አጠቃላይ መመዘኛ ለአንባብያን ላስተዋውቅ እወዳለሁ።

መመዘኛውን ዴቪድ ሻፈርና ባልደረቦቹ፣ ቀደም ሲል ለአዋቂዎች የተዘጋጀውን መሠረት አድርገው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ አወጡት። ከ4 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 100 ሲሆን በየዐሥሩ ተከፍሎ ዐሥር ማዕርጋት አሉት፤ ከ70 በላይ የሆነው ደኅና ይባላል፣ በመጨረሻው ማዕርግ የሚገኘው ደግሞ ሌሊትና ቀን ጠባቂ የሚያሻው ነው።

ሊቃውንቱ ከሠሩት ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በመካከለኞቹ ማዕርጋት ዘንድ ያኖሩት ድንበር ነው። ከ61 እስከ 70 ባለው ማዕርግ የሚገኘው ልጅ በአንድ ነገር ብቻ የሚቸገር፣ በሌላው ግን ደኅና የሚውል ስለ ሆነ፣ በሩቅ የሚያውቀው ሰው ምንም እንግዳ ነገር አያይበትም፤ በቅርብ የሚያውቀው ግን ሊያስብለት ይችላል። አንድ ማዕርግ ወርደን ከ51 እስከ 60 ስንደርስ፣ ችግሩ ልጁን በሚቸገርበት ስፍራና ሰዓት ላገኘው ሰው ግልጥ ሆኖ ሳለ፣ በሌላ ስፍራ ለሚያየው ሰው አሁንም የተሰወረ ነው። እንግዲህ ድንበሩ የተሠመረው የሕመም ምልክቶችን በመቍጠር ሳይሆን ችግሩ ለማንና የት እንደሚታይ በመመርመር ስለ ሆነ፣ የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰምቶ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ሚዛኑን በእጁ ያዘ እንጂ አልመዘነበትም።

አንዲት እናት ስለ ልጇ ስጠይቃት፣ «ልጄ እኮ ጨዋ ነው፤ አፉን አይከፍትም፣ ማንንም አያስቀይምም» አለችኝ፤ ቃሏም እውነት ነበር። መምህሩ ግን ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ተነሥተህ አንብብ በተባለም ጊዜ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጽሐፉ እንደሚወድቅበት ነገሩኝ፤ ታናሽ እኅቱም፣ ሱቅ ሲላክ ገንዘቡን እንደ ጨበጠ ከደጃፉ ተመልሶ እርሷን እንደሚልካት፣ ስሙኒም እንደሚጨምርላት አጫወተችኝ። ከሦስቱ አንዳቸውም አልዋሹም፤ እናቲቱ ታየው የነበረው ልጁ የማይቸገርበትን ስፍራ ነበርና። በአገራችን ዝምታ ከጨዋነት ስለሚቆጠር፣ ዕቃ የሚሰብረውና ሰው የሚማታው ልጅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ሲወሰድ፣ ዝምተኛው እየተመሰገነ ዓመታት ያልፉበታል፤ ስለዚህ እኔ ወላጆችን ስጠይቅ «ምን ያጠፋል?» ከማለት ይልቅ «ከጧት ጀምሮ ምን ሲሠራ ይውላል?» ማለትን እመርጣለሁ።

ስለ አጠቃቀሙ የምወቅሳቸው ሰዎች አሉ። አንዳንዶች ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት አይተው 50 የተሰጠው ልጅ ያለፈ ይመስላቸዋል፤ 50 ግን በአብዛኛው ኑሮው በመጠኑ የታወከ፣ ወይም በአንዱ ዘርፍ እጅግ የተጎዳ ልጅ ማለት ነው። ሌሎች፣ መመሪያው 58 ወይም 62 ብሎ መጻፍን ሲፈቅድላቸው፣ 50፣ 60፣ 70 እያሉ በደፈናው ይጽፋሉ። የባሰው ጥፋት ደጉን ቀንና ክፉውን ቀን ደምሮ ማካፈል ነው። መመሪያው የሚያዝዘው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ልጁ የደረሰበት ዝቅተኛ ሁኔታ እንዲጻፍ ነው፤ ያውም መድኃኒት ያሻሽለዋል በሚል ተስፋ ሳይጨመርበት፣ የሕመሙ ስም ያስፈራል ተብሎም ሳይቀነስበት።

ይህ ትንሽ መመዘኛ ምን ያህል እንደሚለይ በፖርቶ ሪኮ ታይቷል። ሄክተር በርድና ባልደረቦቹ በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ምልክቶች ብቻ በተቈጠሩ ጊዜ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ስም የሚሰጣቸው ሆነው ተገኙ፤ የሲ-ጋስ ቁጥር ከ61 በታች መሆን አብሮ ሲጠየቅ ግን ከመቶው ወደ 18 ገደማ ወረዱ። በአንጻሩ ኤድሪያን አንጎልድና ባልደረቦቹ በሰሜን ካሮላይና አድርገው በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ የየትኛውንም ሕመም መስፈርት የማያሟሉ፣ ኑሯቸው ግን በእርግጥ የታወከ ልጆች መኖራቸውን አሳየ። እንዲህ ያለው ልጅ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍር የሕመም ስም ባይገኝለትም፣ 48 የሚለው ቁጥር ከነቀኑና ከነምስክሮቹ ቃል ከተጻፈለት፣ ምንም የለበትም ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሰናበት አይገባም።