ባልንጀራን ባላንጣ የሚያደርግ ሚዛን

የዛሬው ንግግራችን የአንድ ታላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሠራተኞች ስላሳለፉት የሥራ ኑሮ ነው። ነገሩ የሆነው በሩቅ አገር ቢሆንም፥ አለቃና ምንዝር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነውና በጥሞና እንድትከታተሉት እንለምናለን።

ማይክሮሶፍት የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የመሠረቱት ቢል ጌትስና ፖል አለን ናቸው። ኩባንያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እያዘጋጀ በመሸጥ እጅግ ከበረ። ነገር ግን ከሀብቱ ጋር አንድ ደዌ አብሮ አደገ፤ ይኸውም ሠራተኞች የሚመዘኑበት ደንብ ነበር።

በደንቡ መሠረት የየክፍሉ ኀላፊ በሥሩ ያሉትን ሠራተኞች እርስ በርስ እያወዳደረ ጥቂቶቹን ከፍተኛ፥ ብዙዎቹን መካከለኛ፥ ጥቂቶቹን ደግሞ ደካማ ብሎ እንዲመድብ ይገደድ ነበር። የየደረጃው ድርሻ አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ትጉሃን ቢሆኑ እንኳ ከመካከላቸው ደካማ ተብሎ የሚመዘገብ አይታጣም። የገንዘብ ሽልማትና የሥራ ዕድገትም የሚወሰነው ይህንኑ መዝገብ በማየት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ከርት አይከንዋልድ የተባለው ጸሐፊ ቫኒቲ ፌር በተባለው መጽሔት እንዳስነበበው፥ ያነጋገራቸው ሠራተኞች ሁሉ ከማናቸውም አሠራር ይልቅ ኩባንያውን የጎዳው ይህ ደንብ ነው ብለው መስክረዋል። ሠራተኛው የሚጨነቀው በውጭ ያለውን ተወዳዳሪ ስለ ማሸነፍ ሳይሆን፥ በአጠገቡ የተቀመጠውን ባልደረባ ስለ መብለጥ ሆነ። ዐዋቂው ዕውቀቱን ሸሸገ፤ ብልሁም ዝቅተኛው ደረጃ እንዳይደርሰው በመስጋት ከብልሆች ጋር መሥራትን ሸሸ። ጓደኛን መርዳት በራስ ላይ መፍረድ መሰለ።

ኩባንያው ይህን ደንብ በ2013 ዓ.ም. ሻረው። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው የሚጠየቀው ስለ ራሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን፥ ሌሎች እንዲሳካላቸው ምን እንደ ረዳ ጭምር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት፥ በሕንድ አገር በሃይደራባድ የተወለዱት ሚስተር ሳትያ ናዴላም፥ ሁሉን ዐውቃለሁ ከሚል ይልቅ ሁሉን እማራለሁ የሚል ሠራተኛ እንደሚበልጥ ያስተምሩ ጀመር። በ2016 ዓ.ም. ቴይ የተባለው፥ ከሰዎች ጋር እንዲነጋገር የተሠራው ፕሮግራም፥ ከሰዎች የተማረውን ስድብ መልሶ በመናገሩ በአንድ ቀን ውስጥ ተቋረጠ። ሚስተር ናዴላ ለአዘጋጆቹ የላኩት ግን የተግሣጽ ደብዳቤ አልነበረም፤ እየተማሩ በሥራቸው እንዲገፉና እርሳቸውም ከጎናቸው መሆናቸውን ገለጡላቸው።

ይህን ስንል ግን በዚያ ቤት ችግር ጠፍቷል ማለታችን አይደለም። በ2023 ዓ.ም. ኩባንያው 10,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ ማስታወቁ፥ መልካም ጠባይ ያለው አስተዳደርም የእንጀራን ስጋት ፈጽሞ እንደማያስቀር ያሳያል።

ሆኖም ትጉህን ከሰነፍ መለየት አንድ ነገር ነው፤ ሰነፍ ባይኖር እንኳ ሰነፍ ፈልጎ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሎሚውን የሚካፈሉት ሰዎች አንዱ የሌላውን ውድቀት እንዲመኝ ከተደረገ ግን ጌጡ ተመልሶ ሸክም ይሆናል። እንግዲህ የሰው ስም በደረጃ መዝገብ ላይ የምታሰፍሩ ኀላፊዎች ሁሉ፥ ሠራተኛውን ከመመዘናችሁ በፊት ሚዛኑን ራሱን መዝኑት።