ከጨረቃ ያለፈችው መርሰዲስ

ቴሌግራም ላይ የመኪና መሸጫ ቻናል የምትከታተሉ ከሆነ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳታዩ አልቀራችሁም፦ «የድሮ መርሰዲስ፣ ናፍጣ፣ ሙሉ ኮንዲሽን፣ ኪሎ ሜትር 98 ሺህ ብቻ። ዋጋ በውስጥ መስመር።» እንዴ! ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና 98 ሺህ ብቻ ከሄደች ወይ ሙዚየም ውስጥ ነበረች፣ ወይ ቆጣሪዋ ቆሟል፣ ወይ ሰው ነካክቶታል። የአጎቴ መርሰዲስ ቆጣሪ የቆመው 391,206 ላይ ነው። ከቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ የሄደችውን እግዜር ይቁጠረው።

ጨረቃ ከመሬት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ እኛ ቤት መኪናዋ «ጨረቃን አልፋ ወረታ የገባች» ትባላለች።

ሞዴሏ 240 ዲ ነው፤ ነገሩን የሚያውቁ «123» የሚሉት ዓይነት። ፋብሪካው ይህን የመርሰዲስ ትውልድ ከ1976 እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ሲሸጥ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ አምርቷል። የኛዋ የ1982 ሥሪት ናት፤ አራት ሲሊንደር፣ 72 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ መንገዱን የሞላችው ትንሿ ቪትዝ ያላት ጉልበት ያን ያህል ነው። የመርሰዲሷ ቅንጦት ሌላ ቦታ ነው ያለው። በሯ ሲዘጋ «ድፍ» ይላል እንጂ «ቿ» አይልም። ከሐሙሲት ወረታ ያለውን ጉድጓድ ስትሻገሩ ወገባችሁ አይሰማም። መቀመጫዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ቀና ይላል፤ ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሊብሬዋ እንደሚለው መጀመሪያ አዲስ አበባ የአንድ የውጭ ድርጅት ንብረት ነበረች። አጎቴ በ2003 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከአንድ ጡረተኛ ገዛት። አጎቴ ሩዝ ነጋዴ ነው። «የፎገራ ሩዝ ነጋዴ አይሱዙ ይገዛል እንጂ መርሰዲስ ምን ይሠራለታል?» ያላለው ሰው የለም። እሱ ግን በጥር ሙሽራ ይጭንባታል፣ በቀረው ጊዜ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ይመላለስባታል። ወረታ ለዚህ ትመቻለች፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ቻይናዎች ወደ ወልዲያ የሠሩት መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ሩዝ ታጭዶ መፈልፈያዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮሁበት ወቅት። መኪናዋ ጠዋት አልነሳ አለች። ብትነሳም ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ትለቃለች። አለም በርን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትወድቃለች፤ እህል የጫነ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋታል። አጎቴ ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ይዟት ሄደ። የጋራዡን ስም ተዉት። የሲሊንደሮቹን ግፊት ለኩ፤ 18፣ 18፣ 17፣ 18 ባር። «መጽሐፉ ከ22 እስከ 24 ይላል። ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አሉት።

ሞተር ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ ያልገባችሁ ካላችሁ፦ ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቶርኖ ቤት፣ የእጅ ዋጋ። የተነገረው ብር የአጎቴን የዓመት ትርፍ የሚበላ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ለእቃ ሊገዛት መጣ፤ ፈታትቶ ሊሸጣት ማለት ነው። የአጎቴ ሚስት «ሽጣትና ባጃጅ ግዛ፤ ባጃጅ እንኳ እንጀራ ያመጣል» አለች። አጎቴ መልስ አልሰጠም። ማታ ኮፋኖዋን ከፍቶ በስልኩ መብራት ሲያያት አገኘሁት።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የጥገና መጽሐፏን ግን በፒዲኤፍ ስልኬ ላይ አውርጄ ነበርና ገለጥኩት። ጋራዡ አልዋሸም፤ ጤነኛ ሞተር ከ22 እስከ 24 ባር፣ ከ15 በታች ከወረደ ደክሟል ይላል። ሆኖም መጽሐፉ የተጻፈው ጀርመን ነው። ወረታ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስቶኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ከመነሻው አንድ አምስተኛው ከጎደለ መጨረሻ ላይም አንድ አምስተኛው ይጎድላል። በካልኩሌተር አስሉት፤ ባሕር ጠለል ላይ 22 የሚያሳይ ሞተር ወረታ ላይ 18 አካባቢ ያሳያል።

የኛዋ 18 ነበረች!

ጉልበቱም እንዲሁ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። 72ቱ ፈረስ ወረታ ላይ 58 ገደማ ይሆናል፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ53 ብዙ አይበልጥም። የፋብሪካውን ቁጥር አምኖ ዳገት የሚወጣ ሰው መኪናው የታመመች ይመስለዋል።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ አንተ ልጅ፤ ጠዋት ለምን አትነሳም ታዲያ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከፍታው ትናንት አልመጣም፤ መኪናዋ ግን ዘንድሮ ነው የባሰባት። ስለዚህ ጉማራ አካባቢ የገበሬዎችን የውሃ ፓምፕ ወደሚጠግን አንድ ሽማግሌ ወሰድናት። ሽንኩርት የሚያጠጡት ፓምፖች አብዛኞቹ ናፍጣ ናቸው፤ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጠባዩ ያው ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ የነኩት ሞተሩን አልነበረም። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው መሬት ላይ አራገፉት።

የሩዝ ገለባ ብናኝ እንደ ዱቄት ወረደ።

ፎገራ ላይ መኪና የምትይዙ ይህችን ልብ በሉ። የሩዝ ገለባ ውስጡ ብዙ ሲሊካ አለው፤ አሸዋና መስታወት የሚሠራበት ያው ማዕድን። ፊልትሮውን ሲደፍን ሞተሩ ይታፈናል፣ ፊልትሮው ተቀዶ ካለፈ ደግሞ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በመፈልፈያ ወቅት ፊልትሮ በመጽሐፉ ኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓይን ነው የሚቀየረው። ሽማግሌው ቀጥለው ካንዴሌታዎቹን አንድ በአንድ በመብራት ፈተኑ። ከአራቱ ሁለቱ ተቃጥለዋል። ለዚህ ነው ጠዋት በሁለት ሲሊንደር ተነስታ ሁለቱ እስኪሞቁ የምትንቀጠቀጠውና ነጭ የምታጨሰው። የቫልቮላውን ክፍተት አስተካከሉ፤ በነዚህ ሞተሮች ላይ በየጊዜው በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። «አያ፣ ይሄ ሞተር ከእኔ ይበልጥ ጤነኛ ነው» አሉት አጎቴን። የጠየቁት ብር ከአንድ ፍየል ዋጋ አይደርስም።

(በነገራችን ላይ ካንዴሌታ፣ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጀርመን የሠራትን መኪና ፎገራ ሜዳ ላይ በጣሊያንኛ እንጠግናለን።)

አሁን የአጎቴን መኪና ልተውና ገዢ ለምትሆኑት ልናገር። እንዲህ ያለች መኪና የሚገድላት ኪሎ ሜትር አይደለም። ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የሚባል ግሪካዊ ታክሲ ነጂ የ1976 ሥሪት 240 ዲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለመርሰዲስ ሙዚየም አስረክቧል። ጨረቃ ድረስ ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ግን ሞተሩን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ሰውዬው ተአምር አልሠራም፣ ያለቀውን በጊዜው እየቀየረ ነዳ እንጂ።

እኛ ጋ የሚገድላት ትንንሹ ነገር ነው። የራዲያተር ክዳንን ውሰዱ። ጉና ሥር ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ መሆኑን ታውቃላችሁ። ወረታ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደብረ ታቦር 91። የዚህች መኪና ሞተር በጤናው ቀን ከ80 እስከ 95 ይሠራል። ታዲያ ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ደህና ክዳን ካለ እስከ 110 ምናምን ዲግሪ ይታገሣል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ዳገት ላይ ይንተከተካል፣ ቴስታታው ይግላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ሰው «ሞተሩ አረጀ» ይላል። ያረጀው ጎማው ነው! በዚያ ላይ የርብን ውሃ በጄሪካን ቀድቶ መጨመር አለ። ደለሉ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ለአንድ ቀን ችግር ካልሆነ በስተቀር አይሞከርም።

ናፍጣውም ነገር ነው። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የሚገዛው ውስጡ ውሃም አቧራም ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላል። ነጭ ጋዝ ደረቅ ነው፣ ፖምፓውን አያለሰልስም። 123 ላይ ከዋናው ፊልትሮ በፊት አንዲት ትንሽ፣ ውስጧ የሚታይ ፊልትሮ አለች። ከመግዛታችሁ በፊት እሷን እዩ፤ ሻጩ የማይነግራችሁን ትነግራችኋለች። የፍሬን ፔዳሏን ጎማ እዩ። 98 ሺህ ነች የተባለች መኪና ፔዳሏ እንደ ሳሙና ካለቀ መልሱን አገኛችሁ።

ዝገትን ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትፈልጉት። የፎገራ ዋልካ በክረምት ፓራፋንጎ ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል፤ በጋ ሲመጣ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ብረቱ የሚበላው እዚያ ነው፣ ከባትሪው ሥር፣ ከበሮቹ ግርጌ፣ ክሪክ ከሚገባበት ቦታ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ አጎቴ መኪናዋን ከፍ ካለ ግቢ ያሳድራታል። ውሃ ገብቶባት የደረቀች መኪና በቀለም ታምራለች፤ ምንጣፏን አንሱና አሽትቱ።

ሌላው ቆሞ መቅረት ነው። መንገድ ተዘግቶ ወራት የቆመችበት ጊዜ ነበር፤ ጨረቃ ድረስ ከነዳናት ይልቅ ያ ጊዜ ጎዳት። ባትሪው ሞተ፣ ፍሬኑ ነከሰ፣ አይጥ የመብራቱን ገመድ በላች። የሩዝ አገር አይጥ ደግሞ አትጠግብም።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማወራው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች እንግዲህ ያሉት ናቸው። ለእቃ የምትፈታ እያንዳንዷ መርሰዲስ ለሌሎቹ የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ትሆናለች፤ ግን አንዷ ትቀንሳለች።

አጎቴ አልሸጣትም። በጥር ሙሽራ ይዛ ደብረ ታቦር ወጣች፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ አይሱዙዎች እያለፏት። ሚዜው «ጋሼ፣ ረገጥ ያድርጉት እንጂ!» ሲለው አጎቴ «ሙሽራ ምን ያስቸኩላታል?» አለ። የሙቀት መለኪያው ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

ደረስን። ሙሽሮቹ ወረዱ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አጎቴ ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ አልጠፋም! ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፣ መኪናዋ «ዳ ዳ ዳ ዳ» ትላለች። አንዲት እናት አማተቡ። 123 ናፍጣ በኤሌክትሪክ አትጠፋም፤ ቁልፉ ሲዞር በጎማ ቱቦ የሚመጣ የአየር ስበት ነው ፖምፓውን የሚዘጋው። ቱቦው ከተቀደደ ሞተሩ አይሰማችሁም። አጎቴ በሙሉ ልብሱ ኮፋኖውን ከፈተና «ስቶፕ» ተብሎ የተጻፈባትን ማንሻ በጣቱ ተጫናት። ጸጥ አለች። ሕዝቡ ከሙሽሮቹ ይልቅ ለእሱ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጣት የምታህል ጎማ ቱቦ ቀየርን። ቪዲዮው አሁንም ሚዜዎቹ ስልክ ላይ አለ።