ለአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች የሚደራጅ ወርክሾፕ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምድር ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ባለሙያዎች መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ራሳቸው እየሠሩ አሮጌ ባቡሮችን ለብዙ ዓመታት አንቀሳቅሰዋል። ለእንዲህ ያለው ሙያ መነሻው ቶርኖ ሳይሆን ሞርሳና ሞረድ ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያስተምረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ምህንድስና ከሚጀምሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ፊዚክስን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ተምረው የመጡ ናቸው። ቀመሩን ያውቃሉ፤ ብሎን ለመፍታት ግን ወዴት እንደሚዞር ያመነታሉ። ስለዚህ ወርክሾፑ ሲደራጅ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ዘመናዊ መኪና አለው?» ሳይሆን «በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እጅ ሥራ ይይዛል?» የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጎበኘው አንድ ተቋም፣ ባለሦስት ፌዝ መስመር ባለመዘርጋቱ አንድ ሚሊንግ ማሽን ሁለት ዓመት ከነሳጥኑ ተቀምጧል። በዚያው ክፍል 40 ተማሪዎች በአንድ ካሊፐር ይማሩ ነበር፤ አንዱ ሲለካ 39ኙ ተመልካቾች ነበሩ።

40 ተማሪዎች በአራት በአራት ቢመደቡ 10 የሥራ ጠረጴዛዎች ይበቃሉ። ለየጠረጴዛው ሞርሳ፣ ሞረድ፣ የብረት መጋዝ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ መልቲሜትርና የቆርቆሮ መበየጃ ይቀርባል። ትራፓኖ ግን ለሁሉም አንድ ቢሆን አይጎዳም። የዓይን መከላከያ መነጽር በጠረጴዛ ሳይሆን በተማሪ ቁጥር ይገዛል። ሽቦ፣ ላሜራና ፑንታ በየዓመቱ የሚያልቁ ስለሆኑ ቋሚ በጀት ይሻሉ፤ ዕቅድ አውጪዎች በብዛት የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

የሚሰጠው ሥራ ከአካባቢው ቢወጣ ይመረጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ተማሪዎች የውኃ ከፍታ ማስጠንቀቂያ ደወል ሊሠሩ ይችላሉ፤ ውኃው ተንሳፋፊውን ሲያነሣ ሁለት የብረት ጫፎች ይገናኙና ደወሉ ይጮኻል። በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ለጀማሪ ከ220 ቮልቱ መስመር ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። ጫፎቹ ደለል ሲይዛቸው ደወሉ ዝም ይላል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ መምህሩ ለመጠገን አይቸኩል። ማርኩም ደወሉ በመጮኹ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ዝም ያለበትን ምክንያት ፈልጎ በደብተሩ በማስፈሩ ጭምር ይሰጥ።

አንድ ነገር ይቀራል። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው የተሰበረ ፑንታ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ መሣሪያውን ቆልፎ ማስቀመጡ አይቀርም። ስለዚህ በሥራ ላይ የሚሰበረው መሣሪያ በመምህሩ ፊርማ ብቻ ከመዝገብ የሚሠረዝበት ደንብ ወርክሾፑ ከመከፈቱ በፊት ሊወጣ ይገባል።