የቴራስ ሀውስ ነዋሪዎችና ዳኞቻቸው

የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ውሏቸውንና አዳራቸውን ለሕዝብ ዓይን ማቅረብ፣ «ቢግ ብራዘር» የተባለው ዝግጅት በ1992 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ከተጀመረ ወዲህ፣ በብዙ አገሮች የተለመደ የቴሌቪዥን ሥራ ሆኗል። በዚያ ሥርዓት ነዋሪዎቹ ከውጭው ዓለም ተለይተው ይዘጋባቸዋል፤ ተመልካቹም በየጊዜው ድምፅ እየሰጠ ያሰናብታቸዋል፤ እስከ ፍጻሜ የጸናው ገንዘቡን ይወስዳል። ጃፓኖች በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም. በፉጂ ቴሌቪዥን የጀመሩት «ቴራስ ሀውስ» ግን መንገዱ ሌላ ነበር። ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ያማረ ቤትና መኪና ተሰጥቷቸው አብረው ይኖራሉ፤ በሩ አይቆለፍባቸውም፣ ሽልማትም የላቸውም፤ ጠዋት እያንዳንዱ ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርቱ ይሄዳል፣ ማታም ተመልሶ ከባልንጀሮቹ ጋራ በአንድ ገበታ ይቀርባል፤ መውጣት የፈለገ በፈቃዱ ተሰናብቶ ሲሄድ በእግሩ ሌላ ይተካል።

የዝግጅቱ ጣዕም በዝግታው ነበር። አንዱ ወጣት በስጦታ አግኝቶ ያስቀመጠውን ምርጥ የበሬ ሥጋ ሌሎቹ ሳያስፈቅዱት አብስለው በመብላታቸው የተነሣው ቅያሜ፣ በሌላ ስፍራ ቢሆን በሳቅ የሚታለፍ ነገር ሲሆን፣ በቴራስ ሀውስ ግን አብሮ መኖር ምን ያህል ትዕግሥትና ይሉኝታ እንደሚጠይቅ የሚያስመረምር ዐቢይ ጉዳይ ሆኖ ቀረበ፤ ተመልካቹም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዝግጅቱ በኔትፍሊክስ በኩል ከጃፓን ውጭ ብዙ ወዳጆች ያፈራው፣ ጩኸት የሰለቸው ሰው የሌላውን ሰው ተራ ኑሮ በጸጥታ ለማየት ስለ ናፈቀ ይመስለኛል፤ ይህም ናፍቆት የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ በስቱዲዮ የተሰበሰቡ ጥቂት ታዋቂ ሰዎች ቀረጻውን እየተመለከቱ፣ ቡና ላይ እንደ ተቀመጡ ጎረቤቶች፣ የየነዋሪውን ጠባይ እያነሡ ማመስገናቸውና መንቀፋቸው ነው። ሁለተኛው፣ ነዋሪዎቹ ገና በቤቱ ሳሉ ስለሚሰራጭ፣ የራሳቸውን ሥራና የሕዝቡን ፍርድ አብረው ማየታቸው ነው። ሐሜት ከጥንት የነበረ ነው፤ የሚታማው ግን በዚያ ሸንጎ አይገኝም ነበር። አሁን በሺህ የሚቆጠር የማያውቀው ሰው የጻፈው ነቀፋ፣ መኝታው ላይ በጋደመበት ሰዓት፣ በእጁ ባለው ስልክ እየገባ የሚደርሰው እርሱኑ ነው።

ከቴራስ ሀውስ ነዋሪዎች አንዷ የነበረችው ሐና ኪሙራ በትግል መድረክ የክፉውን ወገን ጠባይ እየተላበሰች የምትጫወት፣ በሙያዋም የተደነቀች ወጣት ነበረች። በቶኪዮው ቤት ስትኖር፣ የምትሳሳለትን የትግል ልብሷን በልብስ ማጠቢያው መኪና ውስጥ ረስታው፣ አንዱ ነዋሪ ሳያስተውል ከራሱ ልብስ ጋራ አጥቦ አድርቆ ስላበላሸባት፣ ተቈጥታ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ መታ ጣለችበት። ይህ ክፍል መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ ሲወጣ የስድብ ናዳ ወረደባት። ተሳዳቢዎቹ ያዩት ከብዙ ሰዓት ቀረጻ ተመርጦ የተቀጠለ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የፈረዱት ግን በሰውነቷ ሁሉ ላይ ነው። ግንቦት 15 ቀን፣ በ22 ዓመቷ፣ በገዛ እጇ ከዚህ ዓለም ተለየች። ከጥቂት ቀናት በኋላም ፉጂ ቴሌቪዥን ዝግጅቱን አቋረጠ።

ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ተሳዳቢዎቹን ነው፤ መወቀሳቸውም የተገባ ነው። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ግን በሁለቱ ስርጭቶች መካከል የነበረው ጊዜ ነው። ያው ክፍል በኔትፍሊክስ ከወጣ በኋላ በፉጂ ጣቢያ የተላለፈው በግንቦት ወር፣ ልጅቱ ከማለፏ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነበርና፤ በመካከሉ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ነበረ። ስድቡ በገሃድ ነበር፤ ልጅቱ በመንፈሷ መጐዳቷም ለአዘጋጆቹ ተሰውሮ አልነበረም፤ ክፍሉን ማስቀረት ወይም ማረም ይቻል ነበር። የጃፓን የስርጭት ሥነ ምግባር ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ የልጅቱ ሰብአዊ መብት ተጥሷል ከማለት ቢቈጠብም፣ ለኅሊናዋ ሁኔታ የሚገባው ጥንቃቄ ስላልተደረገ በሥነ ምግባር ረገድ ጉድለት አለ አለ። ይህ ፍርድ ለእኔ እጅግ የለዘበ ነው።

ከተሳዳቢዎቹ መካከል ሁለት ሰዎች ተከሰው እያንዳንዳቸው 9,000 የን ብቻ ተቀጡ። በቅጣቱ ማነስ ሕዝቡ ስላዘነ፣ እናቷ ኪዮኮ ኪሙራም፣ እርሷ ራሷ የቀድሞ ታጋይ ስትሆን፣ ሳትታክት ስለ ጮኸች፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በሰኔ 2014 ዓ.ም. የስድብን ወንጀል ቅጣት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 300,000 የን መቀጫ ከፍ አደረገው። የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ሹማምንትን የሚነቅፍ ቃል በዚህ ሰበብ እንዳይታፈን ሲል ተቃውሞ ነበር፤ ሥጋቱም በከንቱ የሚጣል አይደለም። ሕጉ ግን የሚይዘው ተሳዳቢውን ነው። አሰራጩን የሚመረምረው ያው የሥነ ምግባር ጉባኤ ሲሆን፣ ያቋቋሙትም ጣቢያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ መምከርና መገሠጽ ይችላል እንጂ መቅጫ የመጣል ሥልጣን የለውም።